አንድ ቀን በደብረ ብርሃን

የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጆች «የቀድሞ ሠልጣኝ እንደመሆንሽ ስለ ጉዞ አንድ ነገር ጻፊልን» ካሉኝ ወር አልፎታል። ስለ ጉዞ የሚጽፍ ሰው ብዙ አገር የዞረ መሆን አለበት መሰለኝና ቸገረኝ። እኔ ተወልጄ ያደግሁትም፣ የሠለጠንኩትም፣ ዛሬ የማስተምረውም እዚሁ አቃቂ በሰቃ ነው። ጎንደርንና ሐረርን የማውቃቸው ካርታ ሰሌዳ ላይ ሲሰቀል ነው። ይሁንና አንድ ቀን፣ ቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ከአባቴ ጋር ደብረ ብርሃን ደርሼ ተመልሻለሁ። ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ያለኝ ጉዞ ይኸው ነውና እሱኑ አቀርባለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኝ ነበርኩና ለማስተማር ልምምድ በአካባቢያችን ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የደረሰኝ 5ኛ ክፍል፣ ትምህርቱም ኅብረተሰብ ነበር። ስለ ቀደሙ ከተሞቻችን አመሠራረት የማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ደስ አለኝ። ስለ ደብረ ብርሃን ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ አፍ የሰማሁት ታሪክ ነበረኝና ነው። አባቴ መምህር ነበሩ። የሠለጠኑትም በ1961 እና በ1962 ዓ.ም በደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ቤታችን ውስጥ ደብረ ብርሃን ሳትነሳ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም፤ ብርዷ፣ በጓ፣ ጋሪዋ፣ ሁሉም በአባቴ አንደበት ያምር ነበር።

እንግዲህ በትልቅ ወረቀት ላይ ድንኳኖች፣ ንጉሥና ከሰማይ የሚወርድ ቢጫ ብርሃን ሥዬ፣ የትምህርት መርጃ ብዬ ይዤ ገባሁ። «ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡ ንጉሥ ናቸው። በዚያ ደጋ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ታላቅ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥትም አሠሩ» አልኩ። ልጆቹ በጸጥታ አዳመጡኝ። ታዲያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣

«ቲቸር፣ ብርሃኑ ለምን መጣ?» አለኝ።

«ተአምር ነው፤ ለምን እንደመጣ አይታወቅም» አልኩና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ። የሚከታተሉኝ መምህር በማስታወሻቸው ላይ «ጥሩ አቀራረብ» ብለው ጻፉልኝ። እኔ ግን ልጁን እንዳታለልኩት ዐይነት ስሜት ተሰማኝ። የማላውቀውን ነገር «አይታወቅም» ማለት ለካ ቀላል ነው! ሠልጣኝ የሆናችሁ ሁሉ ይህችን ዘዴ ታውቋታላችሁ፤ እኛም እናውቃት ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአንዲት ጓደኛዬ ቤት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን «ደቂቀ እስጢፋኖስ» የተባለ መጽሐፍ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። እያነበብኩ በሄድኩ ቁጥር ቢጫዋ ሥዕሌ አስጠላችኝ። የብርሃኑ ታሪክ ለካ ግማሽ ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ሌላውን ግማሽ ይናገራል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ፣ በትግራይ ከተነሡት ከአባ እስጢፋኖስ ትምህርት የወጡ መነኮሳት ነበሩ። ለሥላሴ እንጂ ለሌላ አንሰግድም በማለታቸው ከንጉሡ ጋር ተጣሉ። ንጉሡም መናፍቃን ናቸው አሉ። የካቲት 2 ቀን ሰዎቹ በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ በበዓለ መስቀል፣ ብርሃኑ ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን የተረዱት እግዚአብሔር በፍርዳቸው መደሰቱን የገለጠበት ምልክት አድርገው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም የተሠራው፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው በዚህ የተነሣ ነው።

ብርሃኑ ለምን መጣ ላለው ልጅ መልስ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ። የንጉሡ ጸሐፊዎች አስቀምጠውታል።

ቤት ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ። «አባባ፣ ይህን ያውቁ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አፌ ድረስ መጣና ተመለሰ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በአቃቂ ግማሹ ሰው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም ባለሱቁም፣ ፊደል የቆጠረው በሳቸው ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። እኔ የመጨረሻ ልጃቸው፣ ገና ዲፕሎማ ያልያዝኩ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ? ስለዚህ ሌላ ነገር አልኩ።

«አባባ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ቀን ይውሰዱኝ።»

ራዲዮኑን ዘጉት። «ቅዳሜ» አሉ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ወጣን። አባቴ ኮታቸውን በሹራብ ላይ፣ ጋቢያቸውን በኮቱ ላይ ደርበዋል። «በዚህ ሙቀት?» ስላቸው «ቆይ፣ ትደርሻለሽ» አሉኝ። በታክሲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ መገናኛ፣ ከመገናኛ ላምበረት መናኸሪያ። አውቶቡሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ተሳፋሪው ግማሹ ተማሪ ነው፤ ሻንጣና ፍራሽ ጣሪያ ላይ እያስጫነ ከረዳቱ ጋር ይከራከራል። አባቴ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እንዳለፍን ሜዳው ተከፈተ። ገብስና ስንዴው ታጭዶ፣ የጭድ ክምሩ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል። ሸኖ ስንደርስ የቅቤ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። የሸኖ ለጋ ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ አፍንጫችን ሥር ቀረበ። ዐቢይ ጾም ነው እኮ! አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው «ፈተና ማለት ይኸ ነው» ቢሉኝ አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። አንዲት እናት ግን ለፋሲካ ብለው ሁለት ኪሎ ገዙ፤ ሽታው እስከ ደብረ ብርሃን አብሮን ተጓዘ።

ጫጫ አካባቢ አባቴ ጣታቸውን ወደ አንድ ወገን ዘረጉና «አንጎለላ በዚያ ነው» አሉ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረ፣ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱበት። ከዚያ ነፋሱ ገባ። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ታልፋለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብዬ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! ያን ዕለት ግን ትምህርቱ በጆሮዬና በጣቶቼ ገባኝ። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሱኝ።

ከተማዋን ስንገባ አባቴ ዝም አሉ። የሚያውቁትን እየፈለጉ መሆናቸው ያስታውቃል። በጋሪው ፋንታ ባጃጁ ነው የሚሮጠው። የኃይለ ማርያም ማሞን ስም የያዘውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያዩ ግን «እሱስ አለ!» ብለው ተደሰቱ፤ ጣሊያንን የተዋጉትን አርበኛ ማለታቸው ይሁን ትምህርት ቤቱን አላወቅሁም። የበሬሳን ወንዝ አሳዩኝ። በየቅዳሜው ልብሳቸውን የሚያጥቡት እዚያ ነበር፤ ውኃው እጅ ይቆርጣል፣ ልብሱ ሲሰጣ ጠዋት እንደ ቆዳ ደርቆ ይገኛል፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ተቀብለው ለእናታቸው የገዙት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዛሬም ቤታችን አለ። ግራጫ ነው፤ ይኮሰኩሳል፤ እኔም ያደግሁት በእሱ ውስጥ ነው። ያን የሚመስል ካገኘሁ ልግዛ ብለው ሦስት ሱቅ ገባን። ያወጡልን ሁሉ ነብርና አበባ የታተመበት፣ ከውጭ የመጣ ለስላሳ ብርድ ልብስ ነው። «ይህ ብርድ ልብስ አይደለም፣ መጋረጃ ነው» ብለው ወጡ። ባለሱቁ ቅር ሳይለው «አባት፣ ተማሪው የሚወደው ይህን ነው» አላቸው።

እውነትም ከተማዋን የሞላት ተማሪ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ከየክልሉ የተመደበው ወጣት ቅዳሜን ምክንያት አድርጎ ወጥቶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን፣ ሻይ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን በረንዳ ሁሉ ይዞታል። ከቆላ የመጣው ከሩቅ ይለያል፤ ብርድ ልብሱን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው ገበያ የሚወጣው! አንድ ረጅም የጋምቤላ ልጅ በዚያች ነብር ያለባት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከአንዲት የመንዝ ባልቴት ጋር በቆሎ እሸት ዋጋ ሲከራከር አየሁ። አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ባልቴቲቱ በመጨረሻ በነጻ ሰጡትና «ሂድ፣ እናትህ ርቃለች» አሉት። ከአፋር፣ ከሲዳማ፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ የመጡ ልጆች በአንድ ጠባብ ሻይ ቤት ተፋፍገው በየቋንቋቸው ሲያወሩ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ ከተማዋ ደስ የምትለው በዚህ ድምፅ ይመስለኛል። ሕንፃዋ አይደለም፤ ከአሮጌው ብዙ የቆመ ነገር የላትም።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ቆመን ተመለከትን። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ለመሰናዶ የሚያበቃኝን ውጤት አላገኘሁም። ወደ መምህርነት የመጣሁት መርጬ ሳይሆን ተመድቤ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ቆመው ከሚያነቡት መካከል አንድ ሁለቱ እንደ እኔ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኩዮቼ ደብተር ይዘው በዚያ በር ሲገቡና ሲወጡ ሳይ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዞርኩ። አባቴ አዩኝ መሰለኝ።

«በእኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የምናስበው ስድስት ኪሎን ነበር» አሉ። «ማሠልጠኛው ውስጥ የነበርነው ሁሉ እሱን እያሰብን ነው የተመረቅነው። እኔ በክረምት ትምህርት እገባለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይሳካ ቀረ። አሁን እዩዋት! ዩኒቨርሲቲው ራሱ እዚህ ድረስ መጣ፣ እኔ ስሄድ።» ሳቁና ጨመሩ፣ «ከነዚህ ውስጥ ሀ ሁ ያስቆጠርኩት አንድ የአቃቂ ልጅ ይጠፋል ብለሽ ነው?»

የሚጠፋ አይመስለኝም፤ አልመለስኩላቸውም እንጂ።

ምሳ ሽሮና ጎመን በላን። ከሰዓት በኋላ ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዛሬ የቆመው ሕንፃ የዘርዐ ያዕቆብ አይደለም። ንጉሡ ከዕድሜያቸው የመጨረሻ 14 ዓመታት 12ቱን የኖሩባት ይህች ከተማ፣ ከቤተ መንግሥታቸው ለዐይን የሚሆን ነገር አላስቀረችም። ሰው አይቶ የሚመለሰው ቦታውን ነው። ቅጥሩ ውስጥ ካሉት ዛፎች ከአንዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ እዚያ ረገብ ይላል። እኔ ለሳምንት የያዝኩትን ጥያቄ ከዚህ በላይ ልይዘው አልቻልኩም።

«አባባ፣ ብርሃኑ ለምን እንደመጣ ዜና መዋዕሉ የሚለውን ያውቁ ነበር?»

ቶሎ አልመለሱም። በከዘራቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«የካቲት 2ን ነው የምትዪኝ?»

እንዴ! ደነገጥኩ። ቀኑን ሳይቀር ያውቁታል።

«አውቃለሁ» አሉ። «እዚሁ ሳለሁ ነው የሰማሁት። እሑድ እሑድ የምንጠይቃቸው አንድ ዐይነ ስውር የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ ግእዙን በቃላቸው ይወጡት ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ እውነት ከተገኘ ወዲያው መነገር አለበት ባይ ነበርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት እንደደረስኩ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሁለቱንም ነገርኳቸው፤ ብርሃኑንም ድንጋዩንም። በሦስተኛው ቀን የአንድ ልጅ አባት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ርእሰ መምህሩ ጠሩኝና ‹አንተ የተቀጠርከው ልታስተምር ነው ወይስ የሰውን ሃይማኖት ልትነካ?› አሉኝ። ያልኩት በመጽሐፍ የተጻፈውን ነው ብዬ ብከራከር የሚሰማኝ አጣሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ቆላ ተዛወርኩ። ወባው እዚያ ነው የያዘኝ፤ እናትሽ ታውቀዋለች፣ እስከዛሬ ክረምት ሲገባ የሚያንቀጠቅጠኝ። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን ተውኩት፤ ብርሃኑን ብቻ ያዝኩ።»

«ለሠላሳ ስምንት ዓመት?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የከበደኝ። አባቴ ግን አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ ተማሪ ያልሠራውን የቤት ሥራ ሲጠየቅ የሚያሳየውን የመሰለ ነገር ነው። ሰባ ሊሞላቸው አንድ ዓመት በቀራቸው ሰው ፊት ላይ ይህን ማየት ምን እንደሚመስል ልገልጸው አልችልም።

ጥቂት ቆይተው የመምህር ድምፃቸው ተመለሰ። «እሺ፣ አንቺ ንገሪኛ» አሉ። «ያ ልጅ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ይጠብቅሻል። ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ምን ትዪዋለሽ?»

«እውነቱን።»

«እሱማ። እንዴት አድርገሽ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበርና።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል፣ በዚያ ዛፍ ሥር፣ የትምህርት ዕቅድ አወጣን። በሥልጠና ዘመኔ ካወጣኋቸው ዕቅዶች ሁሉ ወረቀት ያልነካው እሱ ብቻ ነው። አባቴ መጀመሪያ ያሉት፣ ልጆቹን ማን እንዳየና ማን እንደጻፈ አስጠይቂያቸው ነው። ብርሃኑን የጻፉት የንጉሡ ሰዎች ናቸው። የተወገሩት ወገኖችም የራሳቸውን ታሪክ ጽፈዋል፤ ገድሎቻቸው በትግራይ፣ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ተጠብቀው ቆይተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ፍርዱን ለልጁ ተዪለት አሉኝ። እኔ ደግሞ የሃሌን ጅራታም ኮከብ አነሣሁ፤ ብርሃኑ እሱ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉና። አባቴ ዐይናቸው በራ። ኮከቡ በ1978 ዓ.ም ሲመለስ ከንጋት በፊት ተማሪዎቻቸውን ቀስቅሰው ሜዳ ላይ አውጥተው ነበር፤ የታየው ግን የተባዘተ ጥጥ የመሰለች ጭረት ብቻ ናት፣ ልጆቹም ለዚህ ነው ወይ የተቀሰቀስነው ብለው አኮረፉ። ወዲያው መሬት ላይ በከዘራቸው ሒሳብ ሠሩ። ኮከቡ በ1448 ዓ.ም ታይቷል፤ ከዚያ እስከ 1978 ድረስ 530 ዓመት ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 76 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ የኮከቡም ዙር ይኸው ነው። «ሒሳቡ ያምራል» አሉ፣ «ግን ያኔ የታየው በሰኔ ነው፤ ዜና መዋዕሉ የሚለው መጋቢት 10 ነው። ከተማዋም ተቆረቆረች የሚባለው በ1446 ነው። ስለዚህ አይገጥምም። ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱበት፤ አትንገሪያቸው!»

ንጉሡን ክፉ አድርጌ ብቻ እንዳላቀርብም አስጠነቀቁኝ። ዘርዐ ያዕቆብ «መጽሐፈ ብርሃን» የሚባለውን ጨምሮ መጻሕፍት የደረሱ ሰው ናቸው። ከሌላው ወገን፣ ከደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ጋር ደግሞ በሰንበት ክብር ምክንያት የነበረውን ረጅም ጠብ በ1442 ዓ.ም በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በሰላም ጨርሰዋል፤ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንድትከበር የተወሰነው እዚያ ነው። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም?» አሉኝ። «ደብረ ምጥማቅ ደግሞ በዚሁ በእኛ ተጉለት ነው። ያው አንድ ሰው ነው፤ ከአንዱ ጋር ታረቀ፣ ሌላውን አስወገረ። ልጆች ይህን ይረዳሉ። አባቶቻቸውን ያዩ የለ እንዴ?»

አባቴ ከደብረ ብርሃን ሲነሡ «በእኛ ተጉለት» ማለታቸውን ልብ ይሏል፤ ተወላጅነታቸው ከዚያ አይደለም። ሁለት ዓመት የተማሩበት አገር የራስ አገር ይሆናል መሰለኝ።

በማምሻው የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጸጥ ያለ ነበር። ጋቢውን መልሼ አለበስኳቸውና ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እጃቸው ላይ የሥላሴ ቅጥር አፈር ነበረ፤ ከሒሳቡ የተረፈ። አቃቂ ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ሆኖ ተቀበለን።

ማክሰኞ መጋቢት 10 ነበር። ሆን ብዬ ያደረግሁት አይደለም፤ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ነው ያገጣጠመው። ቢጫዋን ሥዕል እንደገና ሰቀልኩና ከጎኗ ባዶ ወረቀት ሰቀልኩ። ለዚያ ልጅ «ባለፈው አይታወቅም ያልኩህ ስሕተት ነው፤ እኔ ሳላውቅ ነው አይታወቅም ያልኩህ» ብዬ ጀመርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። የንጉሡ ጸሐፊዎች ያሉትን ነገርኳቸው። ሌሎቹ ያሉትን ነገርኳቸው። ልጆቹ አልጮኹም፣ አላለቀሱም፤ ተከራከሩ። አንዱ «ንጉሥ ካዘዘ ምን ይደረግ» ይላል፤ አንዷ «ለአንድ ነገር አልሰግድም ማለት ይህን ያህል ጥፋት ነው?» ትላለች፤ የኋላ ወንበሩ ልጅ ደግሞ ኮከቡን ይዞ አልለቅም አለ፤ ሰኔና መጋቢት እንደማይገጥም ግን ራሱ ደረሰበት። ሊደወል ጥቂት ሲቀረው አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የተወገሩት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር?»

የንጉሡን ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። የእነሱን አንዱንም አልጻፍኩም። «ዛሬ አላውቅም፤ ፈልጌ እነግርሻለሁ» አልኩና ጥያቄዋን በባዶው ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ደወሉ ተደወለ።

የተከታተሉኝ መምህር በዚያ ቀን «ከመማሪያ መጽሐፉ ወጥታለች፤ ጊዜ አጠቃቀሟም ደካማ ነው» ብለው ከበፊቱ ያነሰ ነጥብ ሰጡኝ። ስለ ጊዜው ልክ ናቸው። እንዳልዛወር ገና ያልተቀጠርኩ መሆኔ ረዳኝ እንጂ፣ ማታ ቤት እስክገባ ድረስ አንድ አባት ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣ ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነው የዋልኩት። ማንም አልመጣም። የመጣ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ ከዚህ ቆሜ መፎከር አልፈልግም።

አባቴ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ራዲዮው ተዘግቷል።

«ምን አሉሽ?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የልጅቱን ጥያቄ ስነግራቸው ከወንበራቸው ቀና አሉ። ዐይነ ስውሩ ሊቅ ስም ጠርተው ያውቁ እንደሆነ ለማስታወስ የሞከሩ ይመስላል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ያን የተዋስሽውን መጽሐፍ አምጪው እስቲ» አሉ። «መነጽሬንም።»

አመጣሁላቸው። አባቴ በ2014 ዓ.ም አርፈዋል። መጽሐፉን ለጓደኛዬ የመለስኩላት በዚያው በ2011 ግንቦት ላይ ነው፤ በየገጹ ጠርዝ በእርሳስ በተጻፈ፣ በአስተማሪ ጽሕፈት በተሰደረ የስም ዝርዝር ተሞልቶ ስለነበረ ይቅርታ ጠይቄ።